ማራቶን ላይ የጣለኝ ጥማት አልነበረም፣ ውሃ ነው



ዛሬ የማወራችሁ የታካሚ ታሪክ አይደለም፣ የራሴው ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ያሳፍራል። ሐኪም ሆኜ፣ በየቀኑ ለሰው የምመክረውን ራሴ ረስቼ፣ በመጀመሪያው ማራቶኔ 36ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በአምቡላንስ ተጭኜ ሆስፒታል ገብቻለሁ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ ለሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?" የሚሉ መልእክቶች ስለበዙ ለአንድ በአንድ ከመመለስ ሁሉንም እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ለምን መሮጥ ጀመርኩ?

የምሠራው ሚዛን ተፈሪ ነው። ከተማችንን የሚያውቅ ሰው ሜዳ ላይ እንዳልተቀመጠች ያውቃል። ከሚዛን አማን፣ ከአማን ሚዛን መውጣትና መውረድ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ቴፒ ሲወረድ ደግሞ ከፍታው ዝቅ ይልና ወበቁ ይጨምራል። ለቡና፣ ለኮረሪማና ለሙዝ የተመቸ አየር ነው። ለሯጭ ግን ገና ሳይጀምር ልብሱን በላብ የሚያርስ አየር ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ክብደቴ 86 ኪሎ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን ተረኛ ሆኜ ነርሷ ለቀልድ ያህል ግፊቴን ስትለካኝ 146 በ94 ሆነ። ሁለታችንም ዝም አልን። እንደገና ለካችው፣ ያው ነው። ታካሚዎቼን "እንቅስቃሴ አድርጉ" እያልኩ እኔ ከቤት እስከ ሥራ በባጃጅ ነበር የምሄደው።

በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ ሮጥኩ። ሮጥኩ ማለት እንኳ ይከብዳል፣ 800 ሜትር ሄጄ አንድ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ 3 ኪሎ ሜትር፣ 5 ኪሎ ሜትር፣ 10 ኪሎ ሜትር እያልኩ ቀጠልኩ። እሑድ እሑድ ወደ በበቃ በሚወስደው መንገድ እወርዳለሁ። ልጆች "አይዞህ! በርታ!" እያሉ በባዶ እግራቸው አብረውኝ ይሮጣሉ፣ ደግሞ ይቀድሙኛል። የባጃጅ ሾፌሮች ፍጥነታቸውን ቀንሰው "ዶክተር፣ ምን ሆነህ ነው? ልጫንህ?" ይሉኛል። በዓመት ተኩል ውስጥ ክብደቴ ወደ 77 ወረደ፣ ግፊቴም ተስተካከለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጥሩ ነበር።

ችግሩ የጀመረው "ማራቶን እሮጣለሁ" ያልኩ ቀን ነው።

"ኢትዮጵያዊ አይደለሁም እንዴ?"

ይህችን ሐሳብ ብዙዎቻችን በውስጣችን ይዘናታል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከገባ ወዲህ ሩጫ በደማችን ያለ ይመስለናል። "ሐበሻ ሆኖ መሮጥ የሚያቅተው አለ?" እንላለን። ግን አበበ ዝም ብሎ ተነስቶ አልሮጠም። በክቡር ዘበኛ ውስጥ በአሠልጣኙ በኦኒ ኒስካነን እጅ ለዓመታት የሠለጠነ ወታደር ነበር። የዛሬዎቹም አትሌቶቻችን በቀን ሁለት ጊዜ ይለማመዳሉ፣ ማረፍም ሥራቸው ነው። እኔ ደግሞ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ፣ እንቅልፍ ባይኔ ላይ እያለ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የምሮጥ ሰው ነኝ። አገራችን አንድ ነው፣ ሰውነታችን ግን የለመደው ሌላ ነው።

ለዝግጅት የሰጠሁት ጊዜ አሥር ሳምንት ብቻ ነበር። ረጅሙ ልምምዴ 24 ኪሎ ሜትር ነበር። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት ጉልበቴን ሲያመኝ ማረፍ ሲገባኝ "ትንሽ ነው" ብዬ አለፍኩት።

የውድድሩ ቀን

ውድድሩ የተካሄደው በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር በምትገኝ ከተማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተለቀቅን። ከመነሳቴ በፊት ለጉልበቴ ብዬ አንድ ዳይክሎፌናክ ዋጥኩ። ቁርስ አንድ ዳቦና ሻይ ነበር፤ ጭንቀት ሆድ ይዘጋል።

የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር በ54 ደቂቃ ጨረስኩ። ከልምምዴ በጣም የፈጠነ ነበር፣ ግን ሙዚቃው፣ ጭብጨባው፣ ከጎኔ ያለው ሰው ሁሉ ይገፋኛል። "ኧረ ይሄ ቀላል ነው" አልኩ በልቤ። ግማሹን በ2 ሰዓት ከ2 ደቂቃ አለፍኩ። ፀሐይዋ እየበረታች መጣች። ከታካሚዎቼ መካከል በተቅማጥና በሙቀት ውሃ አልቆባቸው የመጡትን ስለማውቅ አንድ ነገር ብቻ ፈራሁ፦ ድርቀት። ስለዚህ በየ3 ኪሎ ሜትሩ ውሃ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የግማሽ ሊትሯን ፕላስቲክ ተቀብዬ እስከ መጨረሻው እጠጣለሁ። ጠማኝ አልጠማኝ አልጠየቅኩም። ሙዝ ሲሰጡኝ ደግሞ "ሆዴን ይረብሸኛል" ብዬ አለፍኩት።

30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ የኔ አልሆን አለኝ። ጭኔ እንደ ግንድ ደረቀ። ሯጮች "ግድግዳ" የሚሉት ይሄ ነው። እንደምንም እየሄድኩ፣ እየሮጥኩ ቀጠልኩ። 33 ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር፣ አቅለሸለሸኝ። "ውሃ አንሶኝ ነው" ብዬ አንድ ተጨማሪ ጠጣሁ። 35 ላይ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ውሃው ውስጤ ሲንቦጫቦጭ ይሰማኛል። የጋብቻ ቀለበቴ ጣቴ ላይ ጠብቦ ሊወጣ አልቻለም። ሐኪም ነኝ ብያችኋለሁ! እነዚህን ምልክቶች ፈተና ላይ ቢጠይቁኝ በአንድ መስመር እመልሳቸው ነበር። የራሴ ሲሆን ግን በአእምሮዬ የሚዞረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ካቆምኩ ሚዛን ምን ብዬ እመለሳለሁ?"

36 ላይ መንገዱ ዳር ባለ ድንኳን አጠገብ ቆሜ አስመለስኩ። አንዲት ነርስ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ወንድሜ፣ ስምህን ንገረኝ።"

ስሜን ነገርኳት። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ስትለኝ ግን ማሰብ ነበረብኝ። ከጎኗ የነበረ አንድ ወጣት "ደክሞታል፣ ግሉኮስ ይተከልለት" አለ። እሷ ግን አልቸኮለችም።

"ቆይ። ስንት ውሃ ጠጣህ?"

"በየጣቢያው።"

"ሽንትህን የሸናኸው መቼ ነው?"

አላስታወስኩም። ጣቴን አየች፣ ቀለበቱን አየች። "ይሄ ሰው ውሃ አላነሰውም፣ በዝቶበታል" አለች። አምቡላንስ ተጠራ።

ሆስፒታል ስደርስ ክብደቴ ጠዋት ሆቴሉ ካለው ሚዛን ላይ ካየሁት በ1.5 ኪሎ ጨምሯል። አስቡት፣ ለአራት ሰዓት ሮጦ የሚወፍር ሰው! በደሜ ውስጥ ያለው ሶዲየም 129 ነበር፣ ጤናማው ከ135 እስከ 145 ነው። ሕመሙ ስሙ ሃይፖናትሪሚያ ይባላል፣ በቀላል አማርኛ በደም ውስጥ ያለው ጨው በውሃ መቅጠን ማለት ነው።

የኔ ቀለል ያለው ስለነበር ውሃ ከለከሉኝ፣ ጨው የበዛበት ሾርባ ሰጡኝ፣ በቅርብ ተከታተሉኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሽንቴ በብዛት መምጣት ጀመረ፣ ራስ ምታቱም ለቀቀኝ። ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ግሉኮሱ ተተክሎልኝ ቢሆን ኖሮ ስኳሩን ሰውነቴ ተጠቅሞ ውሃው ይቀርና ሁኔታዬ ይባስ ነበር። ለዚህች ነርስ ዛሬም ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

ሰውነቴ ውስጥ ምን ሆነ?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ላይ ነው የመቱኝ፣ ለይተን እንያቸው።

የመጀመሪያው ነዳጅ ማለቅ ነው። ሰውነታችን ለሩጫ የሚጠቀምበትን ስኳር በጡንቻና በጉበት ያስቀምጣል። በአማካይ 2,000 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ሰው ሲሮጥ በየኪሎ ሜትሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። 77 ኪሎ ሰው 42 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከ3,200 በላይ ካሎሪ ይፈልጋል ማለት ነው። ቀሪው ከስብ ይመጣል፣ ስብ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። በፍጥነት ከጀመራችሁ ስኳሩ ቶሎ ያልቅና 30 አካባቢ እግራችሁ ይይዛችኋል። እኔ ፈጥኜ ጀመርኩ፣ መንገድ ላይ ምንም አልበላሁም፣ የሚጠበቀው ደረሰብኝ።

ሁለተኛው የጨው መቅጠን ነው። ስንሮጥ ሰውነታችን ውሃ የሚያስቀር ሆርሞን ስለሚለቅ ኩላሊት ሽንት ይቀንሳል። በዚህ ላይ ከላባችን በላይ ስንጠጣ ውሃው መውጫ ያጣል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም የኩላሊትን ሥራ ይጫናሉ። ውሃው ወደ ሴሎች ይገባል፣ ጣት ያብጣል፣ ከሁሉም የከፋው ግን የአንጎል ማበጥ ነው። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር፣ ከዚያም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላል።

ይህ በኔ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ተመራማሪዎች የ488 ሯጮችን ደም መርምረው 13 በመቶ የሚሆኑት ሶዲየማቸው 135 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ አገኙት፤ ሦስቱ ደግሞ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ላይ ነበሩ። ይበልጥ የተጎዱት በውድድሩ ላይ ክብደት የጨመሩትና ከ4 ሰዓት በላይ የሮጡት ነበሩ። በዚያው ዓመት ውድድር አንዲት የ28 ዓመት ሯጭ በዚሁ ምክንያት ሕይወቷ አልፏል። ልብ በሉ፤ አደጋው የሚበዛው በፈጣኖቹ ላይ ሳይሆን እንደኔ ባሉት ዘገምተኞች ላይ ነው። ፈጣኑ ለመጠጣት ጊዜ የለውም፣ እኛ ግን አለን።

አበበ ያቋረጠበት፣ አክዋሪ የጨረሰበት ቀን

ሚዛን ስመለስ የፈራሁት ደረሰ። "ዶክተር፣ ስንተኛ ወጣህ?" የማይለኝ ሰው አልነበረም። "አቋረጥኩ" ስል ፊታቸው ላይ የማየው ሐዘኔታ ከሕመሙ በላይ ነበር። ለሳምንታት ጫማዬን አላየሁትም።

ያወጣኝ አንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶን ላይ አበበ ቢቂላ ለሦስተኛ ተከታታይ ወርቅ ተሰልፎ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ያሸነፈ ሰው ነው፤ ሕመም መቻል እንዴት እንደሆነ ከማንም አይማርም። ግን ሜክሲኮ ላይ እግሩ ተጎድቶ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቆመ። ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። በዚያው ውድድር ታንዛኒያዊው ጆን ስቲቨን አክዋሪ ወድቆ ጉልበቱ ተጎዳ። እግሩ በፋሻ ታስሮ፣ እያነከሰ፣ ማሞ ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ በኋላ፣ ከጨረሱት ሁሉ የመጨረሻው ሆኖ ስታዲየም ገባ።

አንዱ አቆመ፣ አንዱ ጨረሰ። የትኛውን ነው ፈሪ የምንለው? ማንንም አንልም።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የዶሃው የዓለም ሻምፒዮና አለ። ሙቀቱን ለመሸሽ የሴቶቹ ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ነበር የተጀመረው። እንዲያም ሆኖ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተነሱት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሦስቱም ኢትዮጵያውያት፣ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ አቋረጡ። በዓለም ደረጃ ያሉ አትሌቶች "ዛሬ ሰውነቴ አይደለም" ብለው ከቆሙ የሚዛኑ ዶክተር ማን ሆኖ ነው የሚያፍረው?

ከዚያ የገባኝ ይሄ ነው፦ ጥያቄው "ልቀጥል ወይስ ላቁም?" አይደለም። ጥያቄው "ይሄ የሚሰማኝ የትኛው ነው?" የሚለው ነው። የሚቻል ሕመም አለ፣ የማይቻልም አለ። የጭን መድረቅ፣ የእግር መቁሰል፣ "ምን ልሁን ብዬ ገባሁ" የሚለው የልብ መጨነቅ የሚቻል ነው፣ ሄዳችሁ ታልፉታላችሁ። ጭንቅላት ሲደናገር፣ ደረት ሲጨመቅ፣ ሰውነት ሲያብጥ ግን ጀግንነት አይሠራም።

ሁለተኛው 42፣ በቴፒ መንገድ

በቀጣዩ ዓመት ወደ ትልቅ ውድድር አልሄድኩም። በላቦራቶሪ የሚሠራ ወዳጄ ሞተር ሳይክል አለው። "ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፣ ተከተለኝ" አልኩት። ሳቀ፣ ግን መጣ። ያ መንገድ ዳገትም ቁልቁለትም አለው፣ በሸኮ ደን ውስጥ ያልፋል፣ መጨረሻው ወደ ቴፒ ቁልቁል ነው።

በዚህኛው ጊዜ የተዘጋጀሁት ስድስት ወር ነው። ረጅሙ ልምምዴ 31 ኪሎ ሜትር ነበር። ከመነሳቴ በፊት ተመዘንኩ። ወዳጄ በሞተሩ ስምንት የሚዛን ሙዝ፣ ሁለት ሊትር ኦአርኤስ የተበጠበጠበት ውሃ፣ ንጹህ ውሃና ትንሽ ማር ያዘ። ሌሊት 11 ሰዓት ከሩብ ተነሳን።

የዚያ አካባቢ ችግር ፀሐይ ብቻ አይደለም፣ ወበቅ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ከሆነ ላቡ አይተንም፣ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል፣ ሙቀቱ ውስጣችሁ ይቀራል። ስለዚህ ሰዓት ሳልመለከት፣ ከወዳጄ ጋር ማውራት በምችልበት ፍጥነት ብቻ ሮጥኩ። ማውራት ሲያቅተኝ እሄዳለሁ። በየ40 ደቂቃው አንድ ሙዝ፣ ሲጠማኝ ብቻ ኦአርኤስ ወይም ውሃ። ደኑ ውስጥ ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ያዩኛል። 20ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ሸናሁ፣ ነጣ ያለ ቢጫ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ በሽንት የሚደሰት ሐኪም ብቻ ነው!

ቀላል ነበር እንዳትሉ። 31 ላይ ያ ግድግዳ እንደገና መጣ፣ ግን ዘግይቶና ለስለስ ብሎ። ቁልቁለቱ ጭኔን ጨረሰው፤ ወደ ታች መሮጥ ጡንቻን ከዳገት በላይ ያቆስላል። 34 ላይ ቁርጭምጭሚቴን ይዤ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። አንዲት ቡና የሚሸጡ እናት አዩኝ።

"ልጄ፣ ማነው የሚያባርርህ?"

"ማንም፣ እማማ። ለጤና ነው የምሮጠው።"

ከላይ እስከታች አዩኝና "እንዲህ ሆነህ ነው ለጤና?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ቡና ቀዱልኝ። "ስኳር ነው ጨው?" ሲሉኝ ሳላስብ "ጨው!" አልኩ። ወዳጄ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

እዚያ ቁጭ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ቀኑ ስንት ነው? አወቅኩ። ቀለበቴ ይዞራል? ይዞራል። ራስ ምታት? የለም። ደረት? ደህና ነው። እግር? አልቋል። ይሄ የሚቻለው ነው አልኩና ተነሳሁ። ግማሹን ሄድኩ፣ ግማሹን ሮጥኩ። ቴፒ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ የወዳጄ ስልክ 42.2 አለ። 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ጭብጨባ አልነበረም፣ ሜዳሊያም የለም። ቀይ ቡና በጆንያ የተሸከሙ ሁለት ወጣቶች ቆመው አዩንና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቴፒ ገብተን ስመዘን 1.3 ኪሎ ቀንሼ ነበር። መሆን ያለበት እንዲህ ነው።

ለመሮጥ ላሰባችሁ

1. መጀመሪያ ተመርመሩ። ዕድሜያችሁ ከ40 ካለፈ፣ ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ችግር ካለባችሁ፣ ወይም በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ሐኪም ሳያያችሁ ረጅም ሩጫ አትጀምሩ። በማራቶን ላይ የልብ መቆም ብዙ ጊዜ አይደርስም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 በረጅም ውድድሮች ከሮጡት 10.9 ሚሊዮን ሰዎች መካከል የደረሰው በ59 ነው። ግን ከ59ኙ 42ቱ ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ቀድሞ የነበረ የልብ ችግር ነበረባቸው።

2. ጊዜ ስጡት። ከ5 ኪሎ ሜትር ተነስቶ ማራቶን ለመድረስ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያስፈልጋል። በሳምንት የምትሮጡትን በጥቂቱ ጨምሩ። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ቀንሱ እንጂ አትጨምሩ።

3. ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች "በጣም ቀርፋፋ ነኝ" የሚያሰኙ ይሁኑ።

4. እየሮጣችሁ ብሉ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳርነት ያለው ምግብ ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ይሰጣል። ቴምርና በሶም ይሆናሉ። ግን በልምምድ ቀን ሞክሩት፣ በውድድር ቀን አዲስ ነገር አይሞከርም፤ ጫማም ጭምር።

5. ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይጠማችሁ አትጠጡ። ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። አንድ ሁለት ኪሎ መቀነስ የተለመደ ነው። ከጨመራችሁ ግን ውሃ አብዝታችኋል። ከ4 ሰዓት በላይ የምትሮጡ ከሆነ ንጹህ ውሃ ብቻ አትጠጡ፣ ኦአርኤስ ወይም ጨው ያለው ነገር ጨምሩበት።

6. በሩጫ ቀን ማስታገሻ አትዋጡ። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ሲሞቅና ውሃ ሲያንስ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ሊያስቆማችሁ የሚገባውን ሕመምም ይደብቁባችኋል። ማስታገሻ የሚያስፈልገው ጉልበት መሮጥ የለበትም።

7. ወባ ለያዛችሁ። ይህ በተለይ ለኛ ለደቡብ ምዕራብ ሰዎች ነው። ትኩሳት ባለባችሁ ቀን አትሩጡ። መድኃኒቱን ስለጨረሳችሁም ወዲያው አትነሱ። ወባ ደም ያሳንሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ በመውደቅ ወይም በመመታት ሊፈነዳ ይችላል። ጉልበታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ በእግር መሄድ ይበቃል።

ወዲያው ማቆም ያለባችሁ መቼ ነው?

👉 ደረት ሲጨመቅ፣ ትንፋሽ ከሩጫው በላይ ሲያጥር፣ ወይም ራስ አዙሮ ሊጥላችሁ ሲል

👉 ራስ ምታትና ማስመለስ ከጣት ማበጥ ወይም ከሆድ መነፋት ጋር ሲመጣ

👉 ስትደናገሩ፣ ስትወላገዱ፣ ንግግራችሁ ሲኮላተፍ

👉 በሙቀት መሐል ብርድ ብርድ ሲላችሁ

👉 አጥንት ላይ አንድ ቦታ የሚወጋ፣ ስትረግጡ የሚብስ ሕመም ሲኖር

👉 ከሩጫ በኋላ ሽንታችሁ ጥቁር ቡና ሲመስል። ይሄ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እየደፈነ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፣ በኛ አካባቢ የከባድ ወባ ምልክትም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም በኩል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል።

ሰው ሲወድቅ ካያችሁ ደግሞ፦ ሰውነቱ የሚፋጅና የሚደናገር ከሆነ አምቡላንስ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ልብሱን አውልቁና ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አታጠጡ። ትንፋሽ ከሌለው ደረቱ መሐል ላይ በሁለት እጅ በፍጥነትና በኃይል መጫን ጀምሩ፣ ሰውም ጥሩ። ለጤና ባለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለወደቀ ሯጭ ሁሉ መጀመሪያ ግሉኮስ አትትከሉ። "ስንት ጠጣህ? መቼ ሸናህ?" የሚለው ጥያቄ ገንዘብ አያስከፍልም።

ዛሬም እሮጣለሁ። ግፊቴ 122 በ78 ነው። ባጃጆቹ አሁንም "ልጫንህ?" ይላሉ። አንዳንድ ቀን በተለይ ከተረኝነት ስወጣ እስቃለሁና እሳፈራለሁ። ማቆም ሲያስፈልግ ማቆም የተማርኩት በውድ ነው።

እናንተስ? ሩጫ ላይ "ልቀጥል ወይስ ላቁም?" ያላችሁበት ቀን አለ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ሊሮጥ የተዘጋጀ ወዳጅ ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።